ግማሹ የማይበራው ቀይ መብራት

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ለእናቴ ጉልበት ብለን ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ፓነል ገዛን። ስናበራው ግማሾቹ አምፖሎች ፍም ይመስላሉ፤ ግማሾቹ ግን ጭል አይሉም። ተበላሽቷል? ወረቀቱ ላይ ‹660 እና 850 ናኖሜትር፣ ቅርብ ኢንፍራሬድ› የሚል አለ። ጎረቤታችን ‹ጨረር ነው፣ ካንሰር ያመጣል› ስላለቻት እናቴ ፈርታ ትታዋለች። የልጄን ክፍል የምናይበት ካሜራም በጨለማ የሚያየው በኢንፍራሬድ ነው አሉኝ። ልጁ የሰባት ወር ሕፃን ነው። ዓይኑን ይጎዳዋል? ሁለቱንም ልጣላቸው?»

ምንም አይጣሉ። ፓነሉም አልተበላሸም። አይበሩም ያሏቸው አምፖሎች ልክ እንደ ቀዮቹ በርተዋል፤ የማያያቸው የእኛ ዓይን ነው። ሥራዬ የብርሃን መሣሪያዎችን መለካት ስለሆነ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። «ግማሹ አይሠራም» ተብሎ የተመለሰ ደህና መብራትም አይቻለሁ።

ራስዎ ያረጋግጡ። ክፍሉን ትንሽ ያጨልሙና የስልክዎን የራስ ፎቶ ማንሻ ካሜራ ይክፈቱ። የቴሌቪዥን ሪሞት ወደ ካሜራው አዙረው አንዱን ቁልፍ ይጫኑ። በዓይንዎ ምንም የማይታየው የሪሞቱ ጫፍ ስክሪኑ ላይ ነጣ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ብልጭ ድርግም ሲል ያያሉ። አሁን ከፓነሉ ጎን ቆመው ስልኩን ብቻ ወደ ፓነሉ ያዙሩ። እርስዎ የሚያዩት ስክሪኑን ነው፤ ፓነሉን አይደለም። «የሞቱት» አምፖሎች በርተው ያገኟቸዋል። በኋለኛው ካሜራ ሞክረው ምንም ካልታየዎት አይደናገጡ፤ ብዙ ስልኮች እዚያ ላይ ኢንፍራሬድን የሚያግድ ጠንካራ ማጣሪያ አላቸው።

የእኛ ዓይን የሚያየው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል) ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ነው። በ400 በኩል ወይን ጠጅ፣ በ700 በኩል ቀይ። ከቀዩ ቀጥሎ እስከ 1400 ናኖሜትር ድረስ ያለው ሰፈር ቅርብ ኢንፍራሬድ ይባላል። በአንዳንድ መጻሕፍት «ታህተ ቀይ» የሚለውን ስም ያገኙታል። «ቅርብ» የተባለው ለሚታየው ብርሃን ጎረቤት ስለሆነ ነው። የእርስዎ ፓነል 660ው የሚታይ ቀይ ነው፤ 850ው አጥሩን የተሻገረ ነው።

ይህ ብርሃን የተገኘበት ታሪክ ከእርስዎ ጥያቄ ጋር ስለሚገናኝ ላጫውትዎት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1800 ዊልያም ሄርሼል የተባለው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ፀሐይን በቴሌስኮፕ ለማየት ባለቀለም መስታወቶችን ይሞክር ነበር። አንድ ነገር ግራ አጋባው። አንዳንዱ መስታወት ብርሃኑን በደንብ አጨልሞለት ሳለ ሙቀቱ ግን ዓይኑ ላይ ይሰማዋል። ሌላው ብዙ ብርሃን እያሳለፈ ሙቀት የለውም። ይህን ይዞ ብርሃንን በፕሪዝም፣ ማለትም ወደ ቀለማቱ በሚከፍል መስታወት፣ በተነና በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። ከቀዩ ጠርዝ ውጭ፣ ምንም ብርሃን በማይታይበት ባዶ ቦታ ላይ ያስቀመጠው ቴርሞሜትር ጭራሽ ከሁሉም በልጦ ጨመረ። ኢንፍራሬድ የተገኘው እንዲህ ነው። ያ የመስታወት ነገር ግን አይርሱት፤ ወደ ዓይን ጉዳይ ስንመጣ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ። እሳቸው ክፉ አስበው አይደለም፤ ያሳሳታቸው ቃሉ ነው። በአማርኛ የራጅ ጨረር እንላለን፣ ለካንሰር ሕክምና የሚሰጠውን ጨረር እንላለን፣ የጠዋት ፀሐይንም ጨረር እንላለን። ሦስቱ አንድ አይደሉም። ብርሃን የሚመጣው በትንንሽ እሽግ ነው፤ እሽጉ ፎቶን ይባላል። የራጅ ፎቶን በሺዎች የሚቆጠር ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት አለው። ኤሌክትሮንን ከአተም አላቅቆ የዘረ መል ሰንሰለትን መበጠስ ይችላል። የ850 ናኖሜትር ፎቶን ጉልበት ግን 1.46 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው። ከተራ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ብርሃን ያነሰ ማለት ነው። መቶ ሕፃናት ተራ በተራ እየመጡ አንድን የብረት በር ቢገፉ በሩ አይከፈትም፤ የእያንዳንዱ ጉልበት አይበቃምና። ቁጥራቸው መብዛቱ ለውጥ አያመጣም። ቅርብ ኢንፍራሬድም በዚህ መንገድ ዘረ መልን አይበጥስም። ካንሰር በማምጣት የሚታወቀው በሌላው ጫፍ ያለው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ነው።

ደግሞስ አዲስ እንግዳ ነው እንዴ? መሬት ላይ ከሚደርሰን የፀሐይ ኃይል ግማሽ ያህሉ ኢንፍራሬድ ነው። ያ አሮጌው ባለ ክር አምፖል ከሚበላው ኤሌክትሪክ 90 ከመቶ ገደማውን የሚሰጠው በማይታይ ሙቀት መልክ ነበር። የእሳት ዳር ሙቀትም ኢንፍራሬድ ነው። ፊት በማየት የሚከፈቱ ስልኮች፣ ኢንተርኔት የሚያመላልሰው የመስታወት ገመድ፣ ሐኪም ቤት ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ፣ ሁሉም የሚሠሩት በዚሁ ሰፈር ወይም በአጠገቡ ባለ ብርሃን ነው።

የጣቷ መሣሪያ ነገሩን ለመረዳት ጥሩ መንገድ ናት። ማታ የስልክዎን ባትሪ አብርተው መዳፍዎን ቢደፍኑበት ጣቶችዎ ቀልተው ይታያሉ። ነጩ ብርሃን ውስጥ ያለውን ሰማያዊና አረንጓዴ ደሙ ውጦት፣ ቀዩ ብቻ ሾልኮ ስለሚወጣ ነው። ከቀይ አልፎ ያለው ቅርብ ኢንፍራሬድ ደግሞ ከዚያም በተሻለ ሥጋን ያልፋል። ወደ ረጅሙ ጫፍ ሲጠጋ ግን በሰውነታችን ያለው ውኃ ይውጠዋል። በደምና በውኃ መካከል ያለች ይህች ክፍተት ለሕክምና መስኮት ሆናለች። መሣሪያዋ 660 እና 940 ናኖሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት ብርሃኖችን በጣት ታሳልፋለች። ኦክስጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ሁለቱን ብርሃኖች የሚውጡት በተለያየ መጠን ነው፤ ከልዩነቱ ቁጥሩን ታሰላለች። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገርዎት፦ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይህች መሣሪያ አንዳንዴ ኦክስጅንን ከእውነተኛው ከፍ አድርጋ ታሳያለች። ቆዳዎ ጠቆር ያለ ከሆነና ትንፋሽ እያጠረዎት ቁጥሩ «ደህና ነው» ቢልዎ፣ ቁጥሩን ሳይሆን ራስዎን አምነው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ታዲያ የእናትዎን ጉልበት ይረዳል ወይ? በቅንነት ልመልስ። ይህ ሕክምና የተጀመረው በፈረንጆቹ 1967 ነው። ቡዳፔስት ላይ ኤንድሬ ሜስተር የተባለ ሐኪም በተላጩ አይጦች ላይ ደካማ ቀይ ሌዘር ሲሞክር ጸጉራቸው ቶሎ በቀለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት ተሠርቷል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ በሴሎቻችን ውስጥ ኃይል የሚያመርቱት ማይቶኮንድሪያዎች ቀይና ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን የሚቀበል ክፍል አላቸው፤ ብርሃኑ እሱን ያነቃቃል ይባላል። በጣም ጠንካራው ማስረጃ ያለው የካንሰር ሕክምና የሚወስዱ ሰዎች አፍ ውስጥ የሚወጣውን ክፉ ቁስል በመከላከል ላይ ነው፤ ይህንን የዘርፉ ዓለም አቀፍ መመሪያ ይመክረዋል። ለመገጣጠሚያ ሕመም ግን ውጤቱ የተደባለቀ ነው። በአንዳንድ ጥናቶች ሕመሙ ቀለል ብሏል፣ በሌሎች ለውጥ አልታየም። የጉልበትን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ከዚህ ብርሃን የበለጠ ማስረጃ አለው። ስለዚህ ፓነሉ እንቅስቃሴውን ቢያግዝ እንጂ አይተካውም። «ስብ ያቀልጣል፣ ስኳር በሽታ ይፈውሳል» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ካዩ ግን ይለፏቸው።

እዚህ ጋ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሰው ሲያመው «ብዙ ባበራ ቶሎ ይሻለኛል» ይላል። በዚህ ብርሃን እንደዚያ አይሠራም። ከበዛ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ሊጠፋም ይችላል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ወረቀቱ ላይ በተወሰነ ርቀት 50 ሚሊዋት በስኩዌር ሴንቲሜትር ይሰጣል የሚል ካለ፣ 10 ደቂቃ 600 ሰከንድ ነው፤ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ 30 ጁል ኃይል አረፈ ማለት ነው። ሰዓቱን እጥፍ ካደረጉት 60 ይሆናል። ለማነጻጸር፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ በጠራ ሰማይ የምትሰጠው በሁሉም ቀለሞቿ ተደምሮ 100 ሚሊዋት ገደማ ነው። ፓነሉ ቀላል ዕቃ አይደለም። አንዳንድ ሻጮች ደግሞ ለፀሐይ ኃይል መለኪያ በተሠራ ርካሽ መሣሪያ ለክተው ቁጥሩን ይጽፋሉ። ያ መሣሪያ 850ን ሲያገኝ አጋንኖ ያሳያል። ስለዚህ ትልቅ ቁጥር የጥራት ምልክት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ወደ ዓይን።

ቅርብ ኢንፍራሬድ ጉዳት ቢያደርስ የሚያደርሰው በሙቀት ነው። ቆዳ ላይ ሲሆን ሙቀቱ ይሰማናል፤ እጃችንን እንሰበስባለን። ዓይን ላይ ግን ይህ ጥበቃ የለም። በጣም ደማቅ ብርሃን ድንገት ሲመታን በሩብ ሰከንድ ውስጥ ሳናስበው ጨፈን እንላለን። ይህን ብርሃን ግን ዓይን ስለማያየው አይጨፍንም፤ ብሌኑም አይጠብም። ብርሃኑ ግን የዓይንን የፊት ሽፋንና ሌንስ አልፎ እስከ ሬቲና፣ ማለትም ከዓይን ኋላ ብርሃን እስከሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ይደርሳል። ሬቲና ደግሞ የሕመም ነርቭ የለውም። ሰውየው ምንም ሳይሰማው ሊቃጠል ይችላል። በድሮ ጊዜ ለዓመታት የጋለ ምድጃ ውስጥ እያዩ መስታወት የሚሠሩ ሰዎች የዓይን ሞራ ይይዛቸው ነበር። በሽታው በሙያቸው ተሰይሞ ነበር።

የመብራቶችን ደኅንነት የሚመራው ዓለም አቀፍ ደረጃ አንድ የሚጨበጥ ቁጥር ይሰጠናል። ከ1000 ሰከንድ፣ ማለትም ከ17 ደቂቃ ገደማ፣ ለሚበልጥ ጊዜ ዓይን ላይ የሚያርፍ ኢንፍራሬድ በስኩዌር ሴንቲሜትር ከ10 ሚሊዋት መብለጥ የለበትም። ለ10 ደቂቃ ሲሆን ገደቡ ወደ 15 ይጠጋል። እንግዲህ 50 ሚሊዋት ኢንፍራሬድ ሊሰጥ የሚችል ፓነል ፊት ለፊት ቅርብ ሆኖ ማየት ገደቡን በሦስት እጥፍ ማለፍ ነው። ለጉልበት ሲጠቀሙት ብርሃኑ ወደ ጉልበት ስለሚያይ ዓይን ከመንገዱ ውጭ ነው፤ ጥሩ። ይሁን እንጂ እናትዎ መነጽር ያድርጉ፤ ከብርሃኑም ፊታቸውን ያዙሩ። «ዓይኔን ጨፍኛለሁ» ማለት አይበቃም። መዳፍዎ ላይ እንዳዩት ሁሉ ይህ ብርሃን በስስ የዓይን ቆዳ ሾልኮ ያልፋል።

መነጽሩ የትኛውም ጥቁር መነጽር አይሁን። የሄርሼልን መስታወት ያስታውሱ? ብርሃኑን አጨልሞ ሙቀቱን ያሳልፍ ነበር። ተራ የፀሐይ መነጽርም እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል። እንዲያውም ያታልላል፤ ሲጨልምበት ብሌኑ ይከፈታል፣ የማይታየው ብርሃን ሰፊ በር ያገኛል። በግርዶሽ ጊዜ በጥላሸት የተቀባ መስታወትና የራጅ ፊልም አይሁን የሚባለው አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለፓነልዎ የሚሆነው 850 ናኖሜትርን እንደሚያግድ ራሱ ላይ የተጻፈበት መነጽር ነው። ፊት ላይ ለመጠቀም ከሆነ ደግሞ ምንም ብርሃን የማያሳልፍ ድፍን መሸፈኛ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የምፈራውን ቁልፍ ልንገርዎት። ብዙ ፓነሎች ቀዩን አጥፍተው ኢንፍራሬዱን ብቻ የሚያስቀር ምርጫ አላቸው። ቀዩ ሲበራ ቢያንስ ያስጠነቅቃል፤ ዓይን ይሸሸዋል። ቀዩ ሲጠፋ ፓነሉ የጠፋ ይመስላል። ልጅ መጥቶ አፍጥጦ ሊያየው ይችላል። እቤት ሕፃን ካለ ይህን ምርጫ በጭራሽ አይጠቀሙ። ሁለቱም አብረው ይብሩ፤ ሥራው ሲያልቅ ሶኬቱ ይነቀል።

ተመሳሳይ አደጋ ያለው ሌላም ዕቃ አለ፦ ርካሽ አረንጓዴ የሌዘር ጠቋሚ። ብዙዎቹ ውስጣቸው አረንጓዴ ሌዘር የላቸውም። 808 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ ክሪስታል ይመታል፣ 1064 ይሆናል፣ ሌላ ክሪስታል ደግሞ ወደ 532 አረንጓዴ ይቀይረዋል። ትርፍራፊውን ኢንፍራሬድ የሚያግድ ትንሽ ማጣሪያ መኖር ነበረበት። ርካሹ ላይ አንዳንዴ የለም። በፈረንጆቹ 2010 የአሜሪካ የልኬትና ደረጃዎች ተቋም ባለሙያዎች ይህንኑ ለክተው አስጠነቀቁ፤ አረንጓዴው ደብዛዛ ሆኖ የማይታየው ግን ብርቱ ነበር። ሌዘር ደግሞ እንደ ፓነል አይበተንም። የዓይን ሌንስ ሬቲና ላይ በአንዲት ነጥብ ሰብስቦ እስከ 100,000 እጥፍ ሊያጠናክረው ይችላል። ለልጅ መጫወቻ ብሎ ሌዘር መግዛት ይቅር።

ለእናትዎ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ጉልበታቸውን ይግለጡ፤ ልብስ ብርሃኑን ያግዳል። ርቀቱ ወረቀቱ እንደሚለው፣ ጊዜው 10 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ሰዓት መቁጠሪያ ይሙሉ፤ በብርሃኑ ሙቀት እንቅልፍ ይወስዳልና። የሚያቃጥል ቅባት ተቀብተው አይቀመጡ። ሲጨርሱ ቆዳውን ይዩት። ለስለስ ያለ ሙቀት መልካም ነው። መንደድ ካለ፣ ወይም ቀልቶ የሚቆይ ከሆነ፣ ፓነሉን ራቅ ያድርጉት። ለወራት በሙቀት የተመታ ቆዳ መረብ የመሰለ ጠቆር ያለ ምልክት ያወጣል፤ እሳት ዳር አዘውትረው የሚቀመጡ ሰዎች እግር ላይ ይታያል። ያንን ካዩ ያቁሙ። ፊታቸው ላይ ማድያት ላለባቸው ሰዎች ደግሞ ሙቀት ሊያባብሰው ስለሚችል ለፊት ባይጠቀሙት እመርጣለሁ። አንድ ወር ሞክረው ለውጥ ከሌለ፣ ደቂቃ ከመጨመር መተው ይሻላል።

እናትዎ ስኳር ካለባቸውና እግራቸው የሚደነዝዝ ከሆነ ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይጀምሩ። ሙቀቱ ሳይሰማቸው ሊቃጠሉ ይችላሉ። ካንሰር ያለበት ወይም የነበረበት ቦታ ላይም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይበራም። ቆዳን ለብርሃን ስስ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ እንዲሁ ይጠይቁ። ጉልበታቸው ድንገት ካበጠ፣ ከጋለ ወይም ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ጉዳዩ የመብራት አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው።

የልጅዎ ካሜራ ሌላ ነገር ነው። በውስጡ ያሉት አምፖሎች ትንንሽ ናቸው፤ ብርሃናቸውም ክፍሉን ለመሸፈን ተበትኖ ነው የሚወጣው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ይሆናል። ማታ ካሜራው ላይ ደብዛዛ ቀይ ነጥቦች ካዩ 850 ናኖሜትር ነው፤ ምንም ካላዩ ምናልባት 940 ነው። በተለመደው ርቀት ሁለቱም ለልጁ ዓይን ከገደቡ በእጅጉ ያነሱ ናቸው። እንቅልፉንም አይረብሹትም፤ ቢበዛ ደብዛዛ ነጥብ ብቻ ያያልና። አንድ ነገር ግን ይወቁ፦ ካሜራው የሚያየው የራሱ መብራት ነጥሮ ሲመለስለት እንጂ የልጁን የሰውነት ሙቀት አይደለም። ሰውነታችን የሚያወጣው ኢንፍራሬድ ሩቅ ሰፈር ያለ ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ በአብዛኛው ከ9000 ናኖሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ልጁ ያተኩሰው አያተኩሰው በካሜራው አይታወቅም፤ ቴርሞሜትር ይጠቀሙ።

ካሜራውን ከአልጋው ከ1 ሜትር በላይ ያርቁት። ይህን የምለው በብርሃኑ ምክንያት አይደለም፤ በገመዱ ምክንያት ነው። የሰባት ወር ልጅ ያገኘውን ይስባል፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ደግሞ አንገት ላይ ይጠመጠማል። ገመዱን ግድግዳው ላይ አጣብቀው፣ እጁ ከማይደርስበት ያሳልፉት። ክፍሉ በረደ ብለው ደግሞ ያን ቀይ የማሞቂያ አምፖል ወይም የእናትዎን ፓነል ወደ ልጁ እንዳያዞሩ። ሕፃን ሲሞቀው ሸሽቶ መሄድ አይችልም።

የፓነሉን ወረቀት ይዩልኝ፤ ከ850ው አጠገብ በስንት ርቀት ስንት ሚሊዋት እንደሚሰጥ ከተጻፈ ይላኩልኝ። ለእናትዎ የሚሆነውን ርቀትና ደቂቃ አብረን እናሰላዋለን። እናትዎን እግዜር ይማርልዎ።